የብረት ቁስል አይሽርም

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምርጫም፣ ስለ ዶላር ምንዛሬም፣ ስለ ድርድርም አይደለም። ስለ አንድ አሮጌ ሽጉጥና ስለ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ጉዳዩ የአሜሪካ ጉዳይ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁልኝ ግን በየአያቶቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ጠመንጃ ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ ታያላችሁ።

ዴንቨር አካባቢ የሚኖሩ፣ ሰባውን ያለፉ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ አባት አሉ። በልጅነታቸው የአባታቸውን ምንሽር እየወለወሉ ያደጉ ሰው ናቸው። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በአንድ መጋዘን አብሯቸው የሠራ አሜሪካዊ ጓደኛ ነበራቸው። ሰውየው ሲሞት በኑዛዜው አንድ ሽጉጥ ተወላቸው፤ በ1970ዎቹ የተሠራ፣ .44 ማግነም የሚጎርስ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 29። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አሜሪካኖች ሪቮልቨር የሚሉት፣ እኛ ስድስት ጎራሽ የምንለው ዓይነት ነው። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ መለማመጃ ይወስዱታል። ለሳቸው ከጓደኛቸው ጋር እንደ መጨዋወት ነው።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። ዒላማው አይታያቸውም። መነጽር ይገጠምበት ብለው ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ወሰዱት። ጠጋኙ አየት አድርጎ፣ «ሦስት ቀዳዳ በትራፓኖ እበሳለሁ፣ ጥርስ አወጣለሁ፣ ነገ መጥተህ ውሰድ» አላቸው። ጋሼ ግን ትተውለት ከመሄዳቸው በፊት ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይበሳ ወይስ አይበሳ?»

«ጋሼ፣ እባክዎ አያስበሱት።»

«ለምን? የኔ አይደል እንዴ?»

በስልክ የመለስኩላቸው አጭር መልስ ነበር። ይህ ረጅሙ ነው።

በመጀመሪያ፣ መነጽር ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ሰው ሽጉጥ ላይ መነጽር መግጠምን የፊልም ጉራ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ ማየት የሚችለው አንድ ርቀት ብቻ ነው። ሽጉጥ ዘርግቶ የሚያነጣጥር ሰው ግን ሦስት ነገር ማስተካከል አለበት፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የኋላ ማነጣጠሪያ፣ ከሱ ትንሽ ወዲያ ያለውን የፊት ማነጣጠሪያ፣ ከዚያም ሃያ አምስት ሜትር ላይ ያለውን ዒላማ። የወጣት ዓይን በፍጥነት እየተመላለሰ ያስተካክላቸዋል። ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ግን የዓይን ሌንስ እየደረቀ ስለሚሄድ የፊት ማነጣጠሪያው ጭጋግ ይለብሳል። ጋዜጣ አርቀን እንድናነብ የሚያደርገን ያው እርጅና ነው።

መነጽር ሦስቱን ወደ አንድ ያመጣቸዋል። መስቀለኛው መስመርና ዒላማው በአንድ ርቀት ላይ ያሉ ያህል ሆነው ይታያሉ። ቀይ ነጥብ የሚያሳየው ትንሹ ማነጣጠሪያም እንዲሁ ነው፤ ነጥቡ ሩቅ ያለ ስለሚመስል ዓይን ዒላማው ላይ እንዳረፈ ይቀራል። ስለዚህ የጋሼ ፍላጎት ትክክለኛ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግም ሽጉጥ ላይ መነጽር መግጠም የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም። ክርክሬ ከመነጽሩ ጋር አይደለም፤ ከትራፓኖው ጋር ነው።

የሽጉጥ መነጽር ከጠመንጃ መነጽር ይለያል። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ ዓይን ከመነጽሩ አሥር ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይሆናል። ሽጉጥ ግን በተዘረጋ ክንድ ስለሚያዝ መነጽሩ ከዓይን ከ30 እስከ 60 ሴንቲሜትር ርቆ ሙሉ ምስል እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል። የጠመንጃ መነጽር አንስቶ ሽጉጥ ላይ የሚያስር ሰው ጥቁር ክብ ብቻ ነው የሚያየው። ይባስ ብሎ ምስሉን ፍለጋ ሽጉጡን ወደ ፊቱ ካስጠጋ፣ ርግጫው ቅንድቡን ይሰነጥቀዋል።

ታዲያ በምን ይታሰራል?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ፋብሪካው ራሱ አስቦ የሠራው ነው። ሩገር በ1987 ሱፐር ሬድሆክ የተባለውን ሽጉጥ ሲያወጣ፣ የመነጽሩ ቀለበቶች የሚቀመጡበትን ቦታ በሽጉጡ ገላ ላይ ቀርጾ ነው ያወጣው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም ከ1990ዎቹ ወዲህ በትልልቅ ሽጉጦቹ ላይ ከኋላ ማነጣጠሪያው ሥር ጥርስ ያላቸውን ቀዳዳዎች ከፋብሪካው በስቶ መላክ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ያለው ሰው ምንም ክርክር የለበትም። ማነጣጠሪያውን ፈትቶ መያዣውን ያስራል፣ ሲፈልግ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ለአሮጌዎቹ የተፈጠረ፣ ያለ ትራፓኖ የሚገጠም መያዣ ነው። አንዳንዱ የኋላ ማነጣጠሪያው ሲነሳ በሚተወው ቦይ ውስጥ ይቀመጥና ቀድሞ በነበረው ብሎን ይታሰራል። ሌላው አፈሙዙን ወይም በአፈሙዙ ላይ ያለውን የብረት ጀርባ እንደ ሞርሳ ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ ይይዛል። ሲፈታ ሽጉጡ እንደነበረው ይሆናል።

ሦስተኛው የጋሼ ጠጋኝ ያለው ነው፤ ያልነበረ ቀዳዳ መብሳት።

ለትራፓኖው የሚሟገቱትን አላጣጥልም። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። የ.44 ማግነም ጥይት ክብደቱ 15 ግራም ገደማ ነው፤ በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ይወጣል። በዚያች ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ብዙ በማትበልጥ ቅጽበት ሽጉጡ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። መነጽሩ ግን በባሕርዩ ባለበት መቅረት ይፈልጋል። ሩብ ኪሎ የሚመዝን መነጽርን በዚያ ፍጥነት አብሮ ለመጎተት መያዣው የሚሸከመው ጫና በግርድፉ ሲሰላ የመቶ ኪሎ ክብደት ያህል ነው። ይህ በእያንዳንዱ ተኩስ ይደጋገማል። በአንድ ትንሽ ብሎን ብቻ የታሰረ መያዣ ይህን ለብዙ ጊዜ አይችለውም፤ ወይ ይንሸራተታል ወይ ብሎኑ ይቆረጣል። በሦስት ጥሩ ብሎኖች በደንብ የተሠራ መያዣ ግን ይችለዋል። «ከምትደክም አንዴ ብሳና ተገላገል» የሚሉት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለምን አይበሳም እላለሁ?

ዕድሜያቸውን አስተያዩ። በደንብ የተያዘ ሽጉጥ መቶ ዓመት ይኖራል። ሞዴል 29 የሚባለው ዘር .44 ማግነም በ1955 መጨረሻ ላይ ሲወጣ የተወለደ ነው። ቁጥሩን በ1957 አገኘ። በ1971 ደርቲ ሃሪ የሚባለው ፊልም ዓለም እንዲያውቀው አደረገ። የጋሼ ሽጉጥ ሃምሳ ዓመት አልፎት ዛሬም እንደ ሰዓት ይሠራል። መነጽር ግን? ከሠላሳ ዓመት በፊት እጅግ ዘመናዊ የተባለ የሽጉጥ መነጽር ዛሬ በሰንበት ገበያ የሚጣል ነው። ቀይ ነጥቦቹማ እንደ ሞባይል ናቸው። በየጥቂት ዓመቱ ያነሰ፣ የቀለለና ባትሪው የሚቆይ ይመጣል። ከነመያዣውም ይለወጣል፤ ለዛሬው መያዣ የተበሳ ቀዳዳ ለነገው ላይስማማ ይችላል። እንግዲህ አሥር ዓመት ለሚኖረው ተብሎ መቶ ዓመት የሚኖረውን ማቁሰል ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ባርኔጣ እንዲያርፍ ተብሎ ጭንቅላት አይጠረብም።

ሁለተኛው ምክንያቴ ገንዘብ ነው። አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት ያልነበረ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩን ነው። ቀዳዳ ካለ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል። በብየዳ ቢደፈንም አይረዳም። ብየዳው የብረቱን ቀለም ይለውጠዋል፣ ሙቀቱም የብረቱን ጥንካሬ ሊነካው ይችላል፤ የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይለየዋል። የሰው ቁስል ጠባሳ ትቶ ይሽራል። የብረት ቁስል ግን አይሽርም።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በራሳቸው ጥፋት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የየሀገሩ ሠራዊት የጣለው ጠመንጃ አሜሪካ ውስጥ እንደ ድንች በርካሽ ይሸጥ ነበር፣ ያውም በፖስታ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ስንቱ ሰው ስፕሪንግፊልዱንና ሞዜሩን ገዝቶ፣ እንጨቱን በመጋዝ ቆርጦ፣ ገላውን በስቶ መነጽር አሰረበት። የአደን ጠመንጃ በርካሽ አገኘሁ ብሎ ተደሰተ። ዛሬ ያልተነካው ጠመንጃ ከተቆረጠው ብዙ እጥፍ ይሸጣል። የተቆረጡት ባለቤቶች ልጆች አሁን «ምነው አባቴ ባልነካው» እያሉ ኦርጅናል እንጨትና ብሎን ፍለጋ ሲንከራተቱ ይታያሉ።

ደግሞም ቀዳዳ ሁሉ ጥሩ ሥራ ማለት አይደለም። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ካርካኖ ጠመንጃ ከቺካጎ መደብር በፖስታ የተገዛው ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። መነጽሩ በጎኑ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ነበር። በኋላ የሠራዊቱ ባለሙያዎች ሊፈትሹት ሲሉ መነጽሩን ለማስተካከል ከመያዣው ሥር ስስ ብረቶች መጨመር ግድ ሆነባቸው። ብረት መበሳቱ ብቻ መነጽሩ በትክክል ተቀምጧል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያቴ የጋሼን ጥያቄ በቀጥታ ይነካል። «የኔ አይደል እንዴ?» አዎ፣ የርስዎ ነው። ግን ከርስዎ በፊት የጓደኛዎ ነበር። ከርስዎ በኋላ የልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ይሆናል። ከኛ በላይ የሚኖርን ዕቃ ይዘናል እንጂ ጨርሰን አልወሰድነውም። የያዘ ሰው ይጠቀማል፣ ይወለውላል፣ ያስተኩሳል፤ የሚመጣው ሰው ሐሳቡን እንዲለውጥ ግን በር ይተውለታል። ያለ ትራፓኖ የሚገጠም መያዣ ያንን በር ክፍት ይተዋል። ትራፓኖ ይዘጋዋል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

«ታዲያ ርግጫውንስ?» ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ለዚህ ጥያቄ የሐቀኛ መልሱ፣ ያለ ትራፓኖ የታሰረ መያዣ ሁሉን አይችልም የሚል ነው። ስለዚህ ጫናው ይቀነስ። ሩብ ኪሎ በሚመዝን መነጽር ፈንታ ከ30 እስከ 60 ግራም የሚመዝን ትንሽ ቀይ ነጥብ ቢታሰር፣ መያዣው የሚሸከመው ጫና ወደ አምስት አንድ ይወርዳል። ጥይቱም ይቀየር። በ.44 ማግነም ሽጉጥ .44 ስፔሻል መተኮስ ይቻላል፤ ተገላቢጦሹ ግን አይቻልም። የስፔሻሉ ርግጫ ከማግነሙ ግማሽ ገደማ ነው። የ.22 ሽጉጥ ከሆነማ ርግጫው ከቁጥር አይገባም፤ የፈለጉትን ቆንጥጦ የሚይዝ መያዣ ማሰር ይቻላል። በሙሉ ኃይል የሚተኮስ ከባድ ማግነም ይዞ አደን መውጣት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ለዚያ ተብሎ የተሠራውን፣ መቀመጫው ከፋብሪካ የተቀረጸለትን ይግዛ። የጓደኛን ኑዛዜ ያልተፈጠረበትን ሥራ ካላሠራሁት ብሎ መብሳት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። «ያለ ትራፓኖ» ተብሎ በማሸጊያው ላይ ስለተጻፈ ብቻ ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። በዘፈቀደ የታሰረ መያዣ የብረቱን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ይልጣል፣ አፈሙዙን ይጭራል። ስለዚህ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ከልምድ የማውቀውን ልንገር።

1. ከሁሉ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ስድስቱም ጎሬዎች በዓይንም በጣትም ይታዩ፣ ሁለት ጊዜ። ጥይቱ ሥራው የሚሠራበት ክፍል ውስጥ አይኑር።

2. መያዣ ከመግዛት በፊት የሽጉጡ ሞዴል በትክክል ይታወቅ። ብዙ ሰው ከማነጣጠሪያው ሥር የፋብሪካ ቀዳዳ እንዳለለት ሳያውቅ ሌላ ያስበሳል። ፈትቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

3. ካቻቪቴው የብሎኑን ቦይ ጥግ እስከ ጥግ የሚሞላ ይሁን። የቤቱ ካቻቪቴ ጫፉ እየሳሳ ስለሚሄድ የብሎኑን አናት ያላምጠዋል። የተላመጠ ብሎን የመጀመሪያው ጠባሳ ነው።

4. ብረት ለብረት የሚነካካበት ቦታ ከዘይት ይጽዳ። ቆንጣጩ አፈሙዙን በሚይዝበት በኩል መያዣው ይዞት የመጣው ስስ ልባስ ካለ አይጣል፤ ቀለሙን የሚጠብቀው እሱ ነው።

5. ብሎኑ እንዳይላላ ሎክታይት የሚጠቀም ሰው ሰማያዊውን ይጠቀም። እሱ በእጅ መሣሪያ ይፈታል። ቀዩ ግን ካልጋለ አይለቅም፤ ብረት ማጋል ደግሞ ከሸሸነው ጉዳት ጋር መልሶ ያገናኘናል።

6. መያዣውና ሽጉጡ በሚገናኙበት ላይ በእርሳስ ወይም በሚጠፋ ቀለም ቀጭን መስመር ይሰመር። ከአሥር ከሃያ ተኩስ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ መያዣው እየተንሸራተተ ነው። ያኔ ብሎኑን በጉልበት ማጥበቅ ሳይሆን ጥይቱን ማቅለል ነው መፍትሔው።

7. የተፈታው የኋላ ማነጣጠሪያና ብሎኑ በአንድ ፖስታ ይታሸጉ፣ የማን እንደሆኑም ይጻፍበት። ሰው የሚጠፋበት ሽጉጡ አይደለም፤ ያቺ የጥፍር ያህል ብሎን ናት። እሷ ከጠፋች ሽጉጡን እንደነበረ መመለስ የሚባለው ነገር ወሬ ብቻ ይሆናል።

8. መነጽር የገባበት ሽጉጥ ስለሚረዝምና ስለሚከብድ ሰው በሌላው እጁ ከፊት ሊደግፈው ይፈተናል። በስድስት ጎራሽ ላይ ይህ አደገኛ ነው። በሚሽከረከረው ክፍልና በአፈሙዙ መካከል ባለችው ክፍተት የሚወጣው ጋለ ጋዝ ጣት ይቆርጣል።

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ፤ ይህ ከኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪዎች በኩል በብዛት እየተሸጡ ነው። ውጅግራው፣ ቤልጅጉ፣ የጣሊያኑ ካርካኖ፣ ከየዘመኑ በጦርነትና በግዢ እጃችን የገባው ሁሉ አለበት። ሕጉ አስመጪው ስሙንና ከተማውን ብረቱ ላይ እንዲቀርጽ ያስገድደዋልና አንዱ ቁስል እዚያው ይጀምራል። ለምን ተሸጡ፣ መሸጥስ ነበረባቸው ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ዛሬ የምለው ከተሸጡ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

ከነዚህ ውስጥ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤልጅግ አገር የተሠሩ ሞዜሮች አሉ። ከጥይት ማጉረሻው ክፍል በላይ፣ አናቱ ላይ፣ ሞዓ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሞዜር ላይ የጠመንጃ መነጽር ለማሰር የፊተኛው መያዣ የሚቀመጠውና የሚበሳው እዚያው አናቱ ላይ ነው። ትራፓኖው የሚያርፈው አንበሳው ላይ ነው ማለት ነው።

የሚገዛው አሜሪካዊ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙዎቹ እንዲያውም ከኛ በላይ ያከብሩታል፤ ማኅተሙን ያጠናሉ፣ በእንጨቱ ላይ የተቀረጸውን ለማንበብ ይሞክራሉ። ነገር ግን ለአደን ብሎ በርካሽ የሚገዛም ይኖራል። ከገዢዎቹም ውስጥ የኛው ልጆች አሉ። «የአያቴ ዓይነት ጠመንጃ አገኘሁ» ብሎ በደስታ ገዝቶ መነጽር ሊያስርበት የሚያስብ ወጣት አውቃለሁ። ለሱም መልሴ ለጋሼ ከሰጠሁት አይለይም። ለሞዜርም ያለ ትራፓኖ መንገድ አለ። ከአፈሙዙ ላይ የኋላ ማነጣጠሪያውን ቅጠል አንስቶ በቦታው የሚቀመጥ መያዣ አለ። እዚያ ላይ የሚታሰረው ከዓይን ርቆ የሚሠራ መነጽር ነው፤ የሽጉጥ መነጽር የቅርብ ዘመድ። አንበሳውን አይነካም። ሲፈታም ጠመንጃው ከአዲስ አበባ እንደወጣ ይሆናል።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ መነጽር የሚባለውን ነገር እርሱት። የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ ማስተላለፍ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ጉዳይ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም። ነገር ግን ትራፓኖው በሌላ መልክ እኛም ቤት አለ። የአያቱን ምንሽር በቫርኒሽ የሚቀባ፣ የተሰነጠቀውን ሰደፍ በምስማር የሚቸነክር፣ የዛገውን ብረት በመርጨዳ እስኪያበራ የሚፈገፍግ ሰው ሞልቷል። ጽሑፉ፣ ቁጥሩ፣ ማኅተሙ አብሮ ይፈገፈጋል። ሁሉም በፍቅር ነው የሚያደርገው። በፍቅር የተበላሸም ግን ያው ብልሽት ነው። በፈቃድ የያዛችሁት አሮጌ መሣሪያ ካላችሁ ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ዘይት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ማድረግ ሲያምራችሁ፣ መጀመሪያ «ይህን ነገ መመለስ እችላለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አይቻልም ከሆነ አትንኩት። አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚባለው፣ ዘጠኙ ልኬት አንዳንዴ ጭራሽ እንዳትቆርጥ ስለሚነግርህ ነው።

ጋሼ በመጨረሻ ምን አደረጉ?

ሽጉጡን ከጠጋኙ ቤት ሳይበሳ ይዘው ወጡ። የማነጣጠሪያው ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ መያዣና አንድ ትንሽ ቀይ ነጥብ ገዙ። ማግነሙን ትተው ስፔሻል መተኮስ ጀመሩ፤ «ለክንዴም ተመችቶታል» ይላሉ። ቀይ ነጥቡ መጀመሪያ እንደ ኮከብ ተበትኖ ታያቸው። ይህ አስቲግማቲዝም ያለበት ዓይን ሁሉ የሚያየው ነው። ብርሃኑን ሲቀንሱትና የዓይን መነጽራቸውን ሲያደርጉ ተሰበሰበላቸው። ባለፈው ቅዳሜ ከሃያ አምስት ሜትር የመቱትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ስድስቱም በአንድ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ውስጥ የሚገቡ ናቸው።

ሌላም ፎቶ ልከውልኛል። የአንዲት ነጭ ፖስታ ነው። የኋላ ማነጣጠሪያውና ብሎኑ አሉበት። በላዩ ላይ በሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ «የወዳጄ ሽጉጥ ዓይን። እኔ ሳልፍ መልሳችሁ ግጠሙት» ይላል።

ደውዬ፣ «ጋሼ፣ የኔ አይደል እንዴ ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸው።

ሳቁና፣ «የኔማ ነው። ግን የኔ ብቻ አይደለም» አሉኝ።

ሞዓ አንበሳ ያለበት ጠመንጃ በእጃችሁ የገባ፣ አሜሪካም ሆነ ሌላ ቦታ ያላችሁ ወገኖች ካላችሁ፣ ከምንም በፊት ማኅተሙንና እንጨቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የመለያ ቁጥሩንና ስማችሁን ሸፍናችሁ ብትልኩልኝ ጽሑፉን አብረን እናነበዋለን። ትራፓኖ የያዘ ሰው ከመጣባችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አስነብቡት።

ሰላም ሰንብቱ።